ቫልቭ ከተቀየረ በኋላ ኤኮው ላይ ያለው ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?

ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ይዞት የሚመጣው የኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ወረቀት ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ያልቃል፦ «ሰው ሠራሽ ማይትራል ቫልቭ፤ በጥሩ ሁኔታ ይሠራል»። ትንሽ የተሻለው «አማካይ ግራዲየንት 8» የሚል ይጨምርበታል፤ ግራዲየንት ማለት ከቫልቩ በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ነው፣ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚለካ። ያን 8 ያየ አንዱ ሐኪም ይደነግጣል፣ ሌላው ምንም አይደል ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም የሚፈርዱት ማስረጃ ሳይዙ ነው። ልብ በደቂቃ 65 ጊዜ እየመታ የተለካ 8 እና 115 ጊዜ እየመታ የተለካ 8 አንድ አይደሉም። የገባው ቫልቭ ዓይነትና ቁጥር ካልታወቀ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መጀመሪያ የተለካው ስንት እንደነበር ካልተያዘ፣ ያ 8 ለብቻው ጥሩም መጥፎም ሊባል አይችልም።

ይህን የምጽፈው ከመሀል ከተማ ወጣ ብለው፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን አካባቢ ኤኮ ለሚሠሩና ተመላላሽ ታካሚ ለሚያዩ ባለሙያዎች ነው። ልኬቱ የማይመለከተው ታካሚና ቤተሰብ የቫልቩ ድምፅና ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚወሰደው ኪኒን) ወደሚነሱበት ዝቅ ብሎ ቢያነብ ይበቃዋል።

ጭራሽ ያልጠበበ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የለም፤ ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጤነኛ ማይትራል ቫልቭ (በግራ ልብ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለው) ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ አዎርቲኩ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት) ከ3 እስከ 4። ሰው ሠራሹ ላይ ግን ከልቡ ጋር የሚሰፋበት ቀለበትና ክፈፉ ራሳቸው ቦታ ይይዛሉ፤ ስለዚህ ትንሽ ግራዲየንት መኖሩ አይቀርም። ታካሚው በሚይዘው የቫልቭ ካርድ ላይ ያለው 21 ወይም 27 በሚሊ ሜትር የተጻፈ የመጠን መለያ እንጂ ደም የሚያልፍበት ቀዳዳ ልክ አይደለም። የአንዱ ፋብሪካ 21 እና የሌላው 21 እኩል ደም አያሳልፉም። ለዚህ ነው ስሙም ቁጥሩም አብሮ መታወቅ ያለበት።

እኛ አገር ቫልቭ የሚቀየርለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው፤ ቫልቩን ያበላሸውም ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ደግሞ ማይትራሉ ነው። ለወጣት በብዛት የሚመረጠው ሜካኒካሉ ነው። ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን ባይጠይቅም በወጣት ሰውነት ውስጥ ቶሎ ካልሲየም ይዞት ይደርቃል፣ ይቀደዳል፤ ያኔ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። ልጅ መውለድ የምትፈልግ ሴት ግን ይህን አውቃም ቢሆን የእንስሳውን ልትመርጥ ትችላለች፤ ዋርፋሪን ጽንስ ስለሚጎዳ ምክንያት አላት።

አሁን በብዛት የሚታየው ሜካኒካል ቫልቭ ባለ ሁለት ክንፉ ነው፤ ሴንት ጁድ የተባለው ቫልቭ ንድፍ ሰው ላይ መግባት የጀመረው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ክንፎቹ ከፓይሮሊቲክ ካርበን የተሠሩ ናቸው። ሲከፈቱ ደሙ በሦስት ቀዳዳ ያልፋል፤ ሁለት ሰፋፊ በየጎኑ፣ አንድ ጠባብ መሀል ላይ። በመሀለኛው ደሙ ይፈጥናል፤ የደሙን ፍጥነት የሚለካው ዶፕለር ደግሞ በመስመሩ ላይ ካለው ሁሉ ፈጣኑን ይይዛል። ፍጥነቱ ወደ ግፊት ሲለወጥ (ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በ4) ቫልቩ ከእውነቱ በላይ የጠበበ ይመስላል፤ ከጠባቡ ቀዳዳ እንደወጣ ከግፊቱ የተወሰነው ተመልሶ ይገኛልና። ይህ ጎልቶ የሚታየው በ19 እና በ21 አዎርቲክ ቫልቮች ላይ ነው። ክንፎቹ ሲዘጉም በጠርዛቸውና በማጠፊያቸው በኩል ቀጫጭን ጅረቶች ወደ ኋላ ይታያሉ። እነዚህ ደም እዚያ እንዳይረጋ በንድፉ የተተዉ ናቸው፤ «ቫልቩ ያፈሳል» ተብሎ አይጻፍባቸው። ልዩነቱ ጅረቱ የሚነሳበት ቦታ ላይ ነው። ከቀለበቱ ውስጥ የሚነሳ አጭርና ቀጭን ጅረት የንድፉ ነው። ከቀለበቱ ውጭ፣ በስፌቱ ዙሪያ የሚነሳ ከሆነ ግን ትንሽም ቢሆን መመዝገብና መከታተል አለበት።

ወደ ልኬቱ እንግባ። ታካሚው ከታክሲ ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ ወዲያው አልጋ ላይ ከተጋደመ የምንለካው የዳገቱን ድካም ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አርፎ ይቀመጥ። በዚያ ጊዜ ቁመቱ፣ ክብደቱ፣ የደም ግፊቱ ይወሰድ። የኢሲጂ (የልብ ምት መከታተያ) ገመዱ ይገጠም፤ በተንቀሳቃሽ ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ ቦርሳ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው የሚቀረው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የተዛባ የልብ ምት) ካለ ቢያንስ 5 ምት ተለክቶ አማካዩ ይወሰድ፤ ምቱ እኩል ከሆነ 3 ይበቃል። ሄሞግሎቢኑ ካልታወቀ ይታዘዝ፤ ደም ማነስ፣ ትኩሳትና እርግዝና ቫልቩን ሳይነኩ ግራዲየንቱን ከፍ ያደርጉታል።

ማይትራል ላይ ሦስት ነገር ይለካ፤ ከፍተኛው ፍጥነት፣ አማካይ ግራዲየንቱና ግፊቱ በግማሽ የሚወርድበት ጊዜ። አማካይ ግራዲየንት እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ6 እስከ 10 ያጠራጥራል፤ ከ10 በላይ ችግር አለ ማለት ነው፤ ይህ ሁሉ ግን ልቡ በረጋ ምት ላይ ሲሆን ነው። ልብ ሲፈጥን ደሙ የሚያልፍበት ጊዜ ያጥራል፤ ያው ደም ባነሰ ጊዜ ለማለፍ ይፈጥናል፣ ግራዲየንቱም ይወጣል። ስለዚህ «አማካይ ግራዲየንት 8፣ ምት 115» ተብሎ ይጻፍ፤ ከተቻለ ምቱ ሲረጋ ይደገም።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ፍጥነቱንና ግፊቱ በግማሽ የሚወርድበትን ጊዜ አጣምሮ ማንበብ ነው። ፍጥነቱ ከ1.9 ሜትር በሰከንድ በላይ ሆኖ ጊዜው ከ130 ሚሊ ሰከንድ በታች ከሆነ ቫልቩ ክፍት ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው ደም ግን በዝቷል። የሚበዛው ደግሞ ወይ መላ ሰውነቱ ብዙ ደም ስለፈለገ ነው (ደም ማነስ፣ ትኩሳት፣ እርግዝና)፤ ወይም ቫልቩ አፍስሶ የፈሰሰው ተመልሶ ስለሚያልፍ ነው። ፍጥነቱ ከፍ ብሎ ጊዜውም ከ200 በላይ ከሆነ መውጫው ጠቧል። ይህችን አንድ ንጽጽር ሳይሠራ «ጠቧል» ብሎ መጻፍ ታካሚውን በከንቱ ያስጨንቃል፤ ሳይሠራ «ደህና ነው» ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው።

አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። 220ን ግፊቱ በግማሽ በሚወርድበት ጊዜ አካፍሎ የቀዳዳውን ስፋት ማግኘት ለተፈጥሮው የጠበበ ማይትራል የተሠራ ቀመር ነው። ለሰው ሠራሽ አይሆንም፤ ስፋቱን ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል። ማሽኑ ግን ሳይጠየቅ አስልቶ ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል፣ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ይገለበጣል። ይሰረዝ።

ሌላው ጥላው ነው። ከደረት ላይ በሚታይ ኤኮ ሜካኒካል ማይትራል ቫልቭ ከበስተጀርባው ያለውን የግራ ኤትሪየም (የልቡን ግራ የላይኛ ክፍል) ያጨልመዋል፤ ወደዚያ የሚፈሰው ደም አይታይም። ቀለም አለመታየቱ ፈሳሽ የለም ማለት አይደለም። ፍጥነቱ ከፍ ብሎ፣ ጊዜው አጥሮ፣ ታካሚው ትንፋሽ እያጠረው ከሆነ በጉሮሮ በኩል ኤኮ ወደሚሠራበት መላክ ነው።

አዎርቲኩ ላይ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቫልቭ አላቸው፤ በሁለቱም ላይ በቫልቩ የሚያልፈው ደም ፍጥነት 3.2 ሜትር በሰከንድ ነው። ከፍተኛው ግራዲየንት በሁለቱም ወደ 41 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይመጣል። አሁን ከቫልቩ በታች፣ ደሙ ከግራ ቬንትሪክል (ከልቡ ግራ የታችኛ ክፍል) በሚወጣበት መንገድ ላይ ያለው ፍጥነት ይለካ። በአንደኛው 1.3 ሆነ፤ 1.3 ለ3.2 ሲካፈል 0.41 ይሆናል። ይህ ሰው ደሙ ሁሉ ፈጥኖበታል፤ ትኩሳቱንና ሄሞግሎቢኑን ፈልጉ እንጂ ቫልቩን አትክሰሱ። በሁለተኛው 0.7 ሆነ፤ ውጤቱ 0.22 ነው። ከታች ቀስ ብሎ የመጣ ደም ቫልቩ ላይ ሲደርስ ይህን ያህል የፈጠነው መንገዱ ስለጠበበ ነው። 0.30 እና ከዚያ በላይ ጤናማ፣ ከ0.25 በታች አሳሳቢ ተብሎ ይያዛል። የሞገዱን ቅርጽም እዩ፤ ቶሎ ጫፍ ላይ ደርሶ የሚወርድ ሦስት ማዕዘን ጥሩ ነው። ክብ ሆኖ መሀል ላይ የሚያጎብጥ፣ ጫፉ ላይ ለመድረስም ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ የሚወስድ ከሆነ መዘጋትን ያሳያል።

ይህ ስሌት የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የታችኛውን ፍጥነት ቫልቩ ሥር ተጠግቶ መለካት ነው፤ እዚያ ደሙ መፍጠን ጀምሯል፣ ቁጥሩ ይጋነናል፣ የጠበበው ቫልቭ ደህና ይመስላል። ከቀለበቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይባል። ሁለተኛው የመውጫው መንገድ ዲያሜትር ነው። የቀዳዳው ስፋት ሲሰላ ዲያሜትሩ በራሱ ይባዛል፤ 2.0 ሴንቲ ሜትር የሆነውን 1.8 ብሎ የለካ ሰው ስፋቱን በ19 ከመቶ ያሳንሳል። ፍጥነት ለፍጥነት የሚካፈለው ልኬት የሚወደደው ይህን ዲያሜትር ስለማይፈልግ ነው።

ቫልቩ ምንም ሳይሆን ለሰውየው የሚያንስበት ጊዜም አለ። ራሂምቱላ የተባለ የልብ ሐኪም በ1978 እ.ኤ.አ. የገለጸው ጉዳይ ነው። የሴንት ጁድ መደበኛው 21 አዎርቲክ ቫልቭ ወደ 1.38 ካሬ ሴንቲ ሜትር ውጤታማ ቀዳዳ አለው። ቁመቷ 160 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 50 ኪሎ የሆነች ልጅ የሰውነቷ ወለል 1.49 ካሬ ሜትር ነው (ቁመት በክብደት ተባዝቶ፣ ለ3,600 ተካፍሎ፣ ስኩዌር ሩቱ)። 1.38 ለ1.49 ሲካፈል 0.93፤ ይበቃታል። ከዓመታት በኋላ 75 ኪሎ ብትሆን ወለሉ 1.83 ይሆናል፣ ድርሻው ወደ 0.75 ይወርዳል። ለአዎርቲክ ከ0.85 በታች መካከለኛ ጥበት፣ ከ0.65 በታች ከባድ ይባላል። ለማይትራል ወሰኖቹ 1.2 እና 0.9 ናቸው። ለዚች ልጅ 19 ቁጥር ብቻ ቢገባላት ኖሮ ከመጀመሪያውም 0.70 ነበር። በልጅነቱ ቫልቭ የገባለትና ያደገ ልጅ ላይ ይህን ሒሳብ በየጊዜው መሥራት ግዴታ ነው። መለያው ደግሞ ግራዲየንቱ ከመጀመሪያው ኤኮ ጀምሮ ከፍ ብሎ መገኘቱ ወይም ከክብደቱ ጋር ቀስ እያለ መውጣቱ ነው፤ ክንፎቹ ግን በደንብ ይከፈታሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ኤኮ ከምንም በላይ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ፣ ቁስሉ ድኖ፣ ደም ማነሱ ተስተካክሎ፣ ምቱ ሲረጋ ይሠራ። ብዙዎቹ ታካሚዎች የተቀየረላቸው በጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል፣ በተጓዥ የሐኪሞች ቡድን ወይም ውጭ አገር ሄደው ነው፤ ከዚያ ወደ ሰፈራቸው ይመለሳሉ፣ የመጀመሪያው ልኬትም ሳይያዝ ይቀራል። የቫልቩን ካርድና የመጀመሪያውን ኤኮ በስልክ ፎቶ አንስቶ ለሁለት ቤተሰብ መላክ ወረቀት ከማስቀመጥ ይሻላል። ካርዱ ከጠፋ በኤክስሬይ ቪዲዮ የቫልቩን ዓይነት ከቅርጹ መለየት ይቻላል፤ ክንፎቹ ምን ያህል እንደሚከፈቱም ያው ምርመራ ያሳያል።

ግራዲየንቱ ከመነሻው በእጅጉ ከፍ ካለ ከረጋ ደምና ከጠባሳ የትኛው ነው የሚለውን ጊዜው ይናገራል። በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት የመጣ፣ አይኤንአሩ (ዋርፋሪን ደሙን ምን ያህል እንዳቀጠነ የሚያሳየው የደም ምርመራ ቁጥር) ዝቅ ብሎ የሰነበተ፣ ማይትራል ላይ የሆነ፣ የረጋ ደም ነው ብሎ መጠርጠር። በዓመታት ቀስ ብሎ የመጣ፣ አይኤንአሩ በወጉ የተያዘ፣ በተለይ አዎርቲክ ላይ ከሆነ ከቀለበቱ ሥር ያደገ ጠባሳ፣ ፓነስ የሚባለው፣ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ዋርፋሪን መጨመር አያሟሟውም። ሁለቱ አብረውም ሊገኙ ይችላሉ።

ታካሚው ደግሞ ጆሮ አለው። ሜካኒካል ቫልቭ ሲዘጋ ጥርት ያለ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ሌሊት ጸጥ ሲል ጎን የተኛም ይሰማዋል። ድምፁ ከደበዘዘ ወይም ከጠፋና ትንፋሽ ማጠር ከጀመረ፣ ፊት ወይም እጅ ከከዳ፣ ንግግር ከተሳሰረ ነገ ሳይባል የልብ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ ነው። በሰፈር ክሊኒክ ግሉኮስ ተሰክቶ የሚያልፈው ሰዓት ውድ ነው። ሽንት ጠቁሮ ዓይን ቢጫ ካለና ደም ካነሰ ደግሞ በስፌቱ ዙሪያ የሚያፈስ ቫልቭ ቀይ የደም ሴሎችን እየሰባበረ ሊሆን ይችላል፤ ኤልዲኤች የሚባለው የደም ምርመራ ይታዘዝ።

ዋርፋሪን። ለባለ ሁለት ክንፍ አዎርቲክ ቫልቭ፣ ሌላ አጋላጭ ነገር ከሌለ፣ የአይኤንአር ዒላማው 2.5 ነው (ከ2.0 እስከ 3.0)፤ ለማይትራል 3.0 (ከ2.5 እስከ 3.5)። ከከተማው ዳር ላሉ ሰዎች ፈተናው ምርመራው በቅርብ አለመገኘቱ ነው፤ ጾሙና በዓሉ ደግሞ ቁጥሩን ያናውጡታል። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው አይኤንአርን ይቀንሳሉ። ዐቢይ ጾም ገብቶ ገበታው በድንገት ጎመን በጎመን ሲሆን ቁጥሩ ይወርዳል፤ ፋሲካ ደርሶ ጎመኑ ቀርቶ ሥጋና ጠጅ ሲተካ ይወጣል። ጎመን ተው ማለት መፍትሔ አይደለም፤ ማንም አይተውም፣ አያስፈልግምም። በየሳምንቱ የሚበላው መጠን ተቀራራቢ ይሁን፣ ጾሙ በገባ በሳምንቱና ከፋሲካ በኋላ በሳምንቱ ደግሞ አይኤንአር ይታይ።

ከምግቡ የበለጠ የምፈራው ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛውን ነው። ለአሜባ ተብሎ የሚዋጥ ሜትሮኒዳዞል፣ ለሆድና ለሽንት የሚሰጥ ኮትሪሞክሳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ፍሉኮናዞል አይኤንአርን ወደ ላይ ይወስዱታል፤ ከተጀመሩ በ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ መመርመር ያስፈልጋል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ተቃራኒውን ያደርጋል፣ በኃይል ያወርደዋል፤ የዋርፋሪኑ መጠን ብዙ ሊጨመር ይችላል፣ ሪፋምፒሲኑ ሲቆም ደግሞ ካልተቀነሰ ያደማል። ለወገብና ለጉልበት የሚወጋ ዳይክሎፌናክ አይወሰድ። ዋግምትና እንጥል ማስቆረጥም ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው የተከለከሉ ናቸው። አንድ ቀን የተረሳ ኪኒን በማግስቱ በእጥፍ አይዋጥም። ፋርማሲው የሰጠው ማሸጊያ ከወትሮው ከተለየ ሚሊግራሙን ማንበብ ይገባል፤ የኪኒኑ ብዛት አንድ ሆኖ መጠኑ ሊለያይ ይችላል።

ምርመራ የማይጠይቁ አዳዲስ የደም ማቅጠኛ ኪኒኖች ለምን አይሰጡንም የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሜካኒካል ቫልቭ ላይ አይሠሩም። ከእነሱ አንዱ የሆነው የዳቢጋትራን ጥናት ደም መርጋቱም መድማቱም በዝቶ ቆመ፣ ውጤቱም በ2013 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ሌላው አዲስ ኪኒን አፒክሳባን ኦን ኤክስ በተባለ ሜካኒካል አዎርቲክ ቫልቭ ላይ ሲሞከርም በ2022 እ.ኤ.አ. ከዋርፋሪን ይልቅ ደም መርጋት ስለበዛበት ቆሟል።

እርግዝና ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። እዚህ የምለው ሁለት ብቻ ነው። ዋርፋሪን ጽንሱን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ስለሚጎዳ ምክሩ ከመጸነስ በፊት ይሁን፤ አርግዛ ያወቀች ሴትም በራሷ አታቁመው፣ ያን ዕለት ሐኪሟ ጋ ትሂድ። በእርግዝና ጊዜ የልብ ምትም የደም ፍሰትም ስለሚጨምር የሚወጣ ግራዲየንት ሁሉ የቫልቭ መዘጋት ተደርጎ አይወሰድ፤ ከላይ ያልኩት የፍጥነትና የጊዜ ንጽጽር እዚህ ላይ በደንብ ያገለግላል።

ቫልቩ ስለተቀየረ ሩማቲኩ እንዳይመለስ የሚወጋው የወር መርፌ ይቆማል የሚሉ አሉ። አይቆምም። ሌሎቹ ቫልቮች አሁንም የራሱ ናቸው፤ ሩማቲኩ ተመልሶ ሊመታቸው ይችላል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ለአዋቂ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይቀጥላል፤ አይኤንአሩ በዒላማው ውስጥ መሆኑ ታይቶ ይወጋ፣ ቦታውም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በደንብ ተጭኖ ይያዝ። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ደግሞ የፔኒሲሊን አለርጂ ለሌለው አዋቂ 2 ግራም አሞክሳሲሊን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጣል፤ የወር መርፌው ይህን አይተካም።

ትኩሳት ከመጣ ነገሩ ይለያል። ቫልቭ ያለበት ሰው ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሲይዘው ታይፎይድ ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ከተጀመረለት በኋላ የቫልቩን ኢንፌክሽን ያመጣውን ተህዋሲ ማግኘት ይከብዳል። መጀመሪያ ተህዋሲውን የሚለየው የደም ካልቸር ከተለያየ ቦታ ሦስት ጊዜ ይወሰድ። ካልቸር የማይሠራበት ክሊኒክ ከሆነ ታካሚው በጠና እስካልታመመ ድረስ አንቲባዮቲኩን ሳይጀምር፣ «ሰው ሠራሽ ቫልቭ አለው፤ አንቲባዮቲክ አልተሰጠም» ብሎ ጽፎ በዚያው ዕለት ይላከው።